አርባ ስድስት ቀን ሲጎድል

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ሜትሩ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠለው ለደንቡ ያህል ነው እንጂ ሰው በሩ ላይ ሲቆም የትከሻውንና የወገቡን ልክ ዓይኔ ይነግረኛል። ደንበኞች ሊፈትኑኝ "እስቲ ሳትለኪ ንገሪኝ" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ሜትር ይዘረጋሉ፤ ከሁለት ጣት በላይ ስቼ አላውቅም። ይህን ድሮ የማወራው ለጉራ ነበር። ዛሬ ለምን እንደማወራው ስትጨርሱት ይገባችኋል።

እታፈራሁ የክርስትና ልጄ ናት። እናቷ አበበች ከሰላ ድንጋይ ተድራ አንኮበር፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ወዳለው ሰፈራችን የመጣች ሙሽራ ነበረች። ያኔ እኔም እዚያው ነበርኩ። አጥራችን አንድ ስለነበር ሳንተያይ የምንውልበት ቀን አልነበረም። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደውና አበበች ሆዷ ሲገፋ ወደ ሰላ ድንጋይ ሄደች፤ ባሏም ቆየት ብሎ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ። ለገና ሲመለስ ሚስቱንና ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቷም በአባቷ ደብር፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ጥር ሃያ አንድ ቀን ክርስትና ተነሳች። ያነሳኋት እኔ ነኝ።

ክርስትና እናት መሆን በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ሕፃኗ አፍ የላትምና ካህኑ ሲጠይቁ ስለ እርሷ የምትመልሰው ክርስትና እናቷ ናት። ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድኩላት፤ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንኩላት። ከውኃው ወጥታ እጄ ላይ ስትቀመጥ ግን ክንዴ ዛለ። ከባድ ነበረች። የነጠላዬን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች፤ አንገቷን ቀጥ አድርጋ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። "አበበች፣ ይቺ የሰማንያ ቀን ልጅ ናት ወይስ የሰማንያ ኪሎ?" አልኳት። ሰው ሳቀ። አበበች አልሳቀችም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ዓይን እንዳይበላባት ፈርታ ነው ብዬ ቶሎ እንትፍ እንትፍ አልኩ። እኔ ገና አልወለድኩም ነበር፤ የሰማንያ ቀን ሕፃን ምን ያህል እንደምትከብድ የት አውቄ።

ይቺን ቀልድ ከዚያ በኋላ እታፈራሁን ባገኘኋት ቁጥር እደግማት ነበር። እርሷም ስታድግ "እማሙሉ፣ ክንድሽ ዛሬስ ዳነ?" እያለች ትመልስልኝ ጀመር። ሙሉነሽ ነው ስሜ፤ እማሙሉ የምትለኝ እርሷ ብቻ ናት።

እኔ አግብቼ ወደ ደብረ ብርሃን መጣሁ። ሁለት ልጆች ወልጄ ቀበርኩ፤ ሦስተኛው ዳዊት ተረፈልኝ። እታፈራሁ ደግሞ አባቷን በልጅነቷ አጣች፤ እናቷን አሥረኛ ክፍል ሳለች ቀበረች። ታናሽ እህቷን ሰላምን የእናታቸው እህት ሰላ ድንጋይ ወሰደቻት፤ እርሷ አጎቷ ጋሽ ደምሴ ቤት ቀረች። ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ ከረመ፤ ሲከፈትም እርሷ አልተመለሰችም። የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሠርታ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ፣ እህቷን አጠገቧ አድርጋ ማስተማር።

ነገሩ የሆነው መስከረም ላይ ነው። አሥራ ሦስት ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወረቀቶቿን በፕላስቲክ አቅፋ ሱቄ መጣች። ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነበር። በሕጋዊ መንገድ ነው፤ በኤጀንሲ። ሥልጠናውን ጨርሳለች፤ የልብስ ማጠቢያው ማሽን እንዴት እንደሚሠራ፣ ምንጣፍ በምን እንደሚጸዳ፣ ለእመቤቲቱ በዓረብኛ እንዴት እሺ እንደሚባል ተምራለች። የጤና ምርመራውን አልፋለች። የቀራት የልደት ምስክር ወረቀት ነበር። እሱን ይዛ ዓርብ ለፓስፖርት ትቀርባለች፤ ፓስፖርቱ ሲደርስ ኤጀንሲው ስሟን ለሥራ ፈቃድ ወደዚያ አገር ይልካል። የዚያ አገር የሥራ ፈቃድ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላት ሴት አይሰጥም። ማመልከቻው የሚሞላው በኮምፒዩተር ነው፤ አንድ ቀን ቢጎድል እንኳን ኮምፒዩተሩ አይቀበልም አሏት። ቀጠሮው ካመለጣት ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ ሌላ ዙር ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም።

እናቷ ኅዳር ላይ ነው የተወለድሽው ትላት ነበር። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው።

"አርባ ምናምን ቀን ነው የጎደለኝ" አለችኝ። "ሐምሌ ተወለደች በይልኝ፣ እማሙሉ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

ተቆጣሁ። እኔ ስቆጣ ብዙ አወራለሁ። ሄደው አእምሯቸውን ስተው ስለተመለሱት፣ ከፎቅ ስለወደቁት፣ ደመወዝ ተከልክለው ዓመት ስላገለገሉት፣ የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩባት። ዩኒፎርም መቁረጥ ላስተምርሽ፣ እዚሁ አብረን እንሥራ አልኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ሱቁን ዞር ዞር ብላ አየች። አንዱ የስፌት መኪና ተበላሽቶ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሌላው እኔንና ዳዊትንም በቅጡ አያበላም። ቆይታ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ፣ ሕጋዊው ካልሆነላቸው በአልዩ አምባ በኩል ወደ በረሃው የሚወርዱ፣ ባሕሩንም በጀልባ የሚሻገሩ ሁለት የሰፈሯ ልጆች እንዳሉ፣ ሁለቱንም እንደምታውቃቸው ነገረችኝ። አላስፈራራችኝም። ያለውን ነው የነገረችኝ።

እሺ አልኳት። እመሰክርልሻለሁ አልኳት። ያን ቀን ከሰዓት ሌላ ሥራ ትቼ ለመንገዷ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ቆረጥኩላት፤ አውሮፕላን ስትሳፈር የምትለብሰው። አልለካኋትም። ስትለብሰው ልክክ አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት አብረን በሚኒባስ ጎረቤላ ገባን፤ ከዚያ በእግር ወርደን ጋሽ ደምሴ ቤት አደርን። አመሻሹ ላይ ዳዊት ደወለ። ጉንፋን ይዞት ሲያስል ሰማሁት። ጉንፋን ነው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ሁሉ የሚይዘው ጉንፋን። እኔ ግን ሁለት ልጆች የቀበርኩ ሴት ነኝና ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ሳሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በእኛ አገር በሐሰት የማለ ልጁን ያጣል ይባላል። እናቴ ትለው ነበር፤ እናቷም ትላት ነበር። ልጆቼ ሲሞቱ አንዷ ጎረቤት፣ በሐሰት ሳትምል አትቀርም ብላ በስተኋላዬ አምታኛለች። እና ያን ማታ ጋሽ ደምሴ ስለ ነገው ሲያወሩ እኔ የምሰማው የዳዊትን ሳል ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ አራት ሆነን ቆምን። ሕጉ ሦስት ምስክር ይላል፤ እኔ፣ ጋሽ ደምሴና የሰፈሩ ሽማግሌ አባባ ተክሌ ነን። እታፈራሁ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። ጭጋጉ ገና አልተገለጠም፤ ከቆላ የወጡ ነጋዴዎች ከፊታችን ተራ ይዘው ስለነበር አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። አባባ ተክሌ ብርዱን ለመርሳት ያወራሉ። እታፈራሁ ወረቀቶቿን እያወጣች ትቆጥራለች፤ ትመልሳለች፤ እንደገና ታወጣለች።

መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ድሮ ዲያቆን የነበረ ጨዋ ልጅ። ጠረጴዛው ላይ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ቁርኣን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜ በግምት ስለሚነገር በኋላ ብዙ ጣጣ እያመጣ መሆኑን፣ ስለዚህ አሁን የምስክር ቃል የሚቀበለው በመሐላ ብቻ እንደሆነ ረጋ ብሎ አስረዳን። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን መጽሐፉ ላይ ጣል አድርገው "ሃያ አንድ ሞልቷታል" አሉ። መቼ እንደሞላት ሲጠየቁ ግን ቀኑን የሚያውቁ ሴቶች ናቸው ብለው ሳቁ። አባባ ተክሌም ጋሽ ደምሴ ያሉትን ነው የምለው አሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። "ክርስትና እናቷ እዚህ ናት፤ እርሷን ጠይቅ" አሉት።

እጄን መጽሐፉ ላይ አስቀመጥኩ። ሐምሌ ሃያ ለማለት ተዘጋጅቻለሁ። አፌ ላይ ነበረ። መቼ ተወለደች ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሐምሌ ሃያ እል ነበር፤ ዛሬ ይህን አታነቡም ነበር። እርሱ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነው።

"ክርስትና ያነሷት መቼ ነው?"

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የተናገርኩት ነገር ነውና ሳላስበው ወጣ። "በአስተርእዮ ማርያም" አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

መዝጋቢው ብዕሩን አስቀምጦ በጣቶቹ ወደ ኋላ ቆጠረ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ከጥር ሃያ አንድ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ሲኬድ ኅዳር አንድ ይመጣል። ዛሬ መስከረም አሥራ አምስት ነው። "አርባ ስድስት ቀን ይጎድላታል" አለ። እታፈራሁን አያት። ልጅቷ ብዕሩን ነው የምታየው። ለምን እንደመጣች ያወቀ ይመስለኛል፤ ልቡም አዝኗል። እንደገና ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

"እትዬ፣ አንዳንዴ ክርስትና ይዘገያል። አባት ሩቅ አገር ይሆናል፤ እናት ትታመማለች። ይቺ ልጅ ዘግይታ ተነስታ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ።"

በሩን ከፈተልኝ እኮ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሁሉ አልደብቃችሁም። መጀመሪያ አበበችን አሰብኩ። ልጅን ሳያስጠምቁ ሰማንያውን ቀን ማሳለፍ በእኛ ዘንድ የእናት ነውር ነው፤ ሕፃኗ በዚያ መሀል ብትሞት ኃጢአቱ በእናቲቱ ነው ይባላል። በሩ ክፍት ነው፤ ተራ የሚጠብቁ የሰፈር ሴቶች ይሰማሉ። ጓደኛዬ ከሞተች በኋላ ስሟን በእኔ አፍ ላጉድፈው? ቀጥሎ ዳዊትን አሰብኩ፤ ሳሉን። እጄ መጽሐፉ ላይ ነው። የመጨረሻው ደግሞ፣ ዛሬ ስናገረው የማፍርበት፣ ትዕቢቴ ነው። ያነሳኋት እኔ፣ የታቀፍኳት እኔ፤ ይህ ትናንት የተወለደ ልጅ ስለማውቀው ነገር ጥርጣሬ ያስገባብኛል?

"አይ" አልኩት። "አበበች ልጇን ከሰማንያ ቀን የምታሳልፍ ሴት አልነበረችም። ኅዳር አንድ ቀን ነው የተወለደችው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በዚህ እጄ ነው ያነሳኋት" አልኩት።

ጻፈ። ወረቀቱን ዛሬውኑ ሊሰጣት እንደሚችል፣ የልደቷ ቀን ግን መዝገቡ ላይ የሰፈረው እንደሚሆን ነገራት። እታፈራሁ አመስግና አትድከም፣ አሁን አያስፈልገኝም አለችው። ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ፕላስቲኩ ውስጥ መለሰች፤ የሥልጠናውን፣ የጤናውን፣ ሁለቱን ጉርድ ፎቶዎች።

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ደምሴ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ብለው ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ ተናገሩ። እርሷ ግን እንደ ወትሮዋ ክንዴን ይዛ እስከ መኪና መያዣው አብራኝ ወጣች። ልቅሶ ጠብቄ ነበር። ስድብም ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብላ ቀሚሷን ከሹራቧ በታች አወለቀች፤ ውስጥ አሮጌውን ለብሳ ኖሯል። አጣጥፋ ሰጠችኝ።

"አንቺ ጋ ይቆይልኝ። ኅዳር ቅርብ ነው።"

እኔም አመንኳት። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? እፎይታ። በሐሰት አልማልኩም፣ አልዋሸሁም፣ ልጅቷም አገሯ ቀረች አልኩ። ኅዳር ሲገባ እኔው ራሴ ይዣት እሄዳለሁ አልኩ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ዳዊት ሳሉ ቀንሶለት አገኘሁትና መንበርከክ እስኪቀረኝ ድረስ አመሰገንኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ደምሴ ደወሉ። እታፈራሁ ጠዋት አልዩ አምባ ዕቃ ልገዛ ብላ ወርዳ አልተመለሰችም። ሁለቱ የሰፈር ልጆችም አብረዋት ጠፍተዋል። ጋሽ ደምሴ እስከ ገበያው ድረስ ተከትለው ሄደዋል፤ አንድ ሼህ ሦስት ሴቶች ልጆች ከግመል ነጂዎች ጋር ወደ ቆላው ሲያልፉ አይቻለሁ፣ አላህ ይጠብቃቸው ብለዋቸዋል። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ ደውላልኛለች። ጥቅምት ሊያልቅ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ቁጥሩ የማላውቀው የውጭ ቁጥር ነበር። ንፋስ ይሰማል፤ የሚጮኽ ወንድ ድምፅም ይሰማል። የት ነሽ አልኳት፤ ባሕሩ ዳር ነን አለች። እግሯ ቆስሎ እንደነበር፣ አሁን እንደሻለው ነገረችኝ። ተመለሺ አልኳት፤ የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው ይብሳል አለች። ከዚያ "እማሙሉ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ሃያ አንድ ሊሞላኝ ነው እንግዲህ" አለች። ሳቀች መሰለኝ። መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ከሁለቱ ልጆች የአንደኛዋ ቤተሰብ ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ ሰምተናል ይላሉ፤ የሌላዋ ደግሞ እስር ቤት ናቸው ይላሉ። ማንም በዓይኑ ያየ የለም። ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ተስፋም አላደረግንም። ይህ ዓይነቱ ኑሮ ስም ያለው አይመስለኝም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ራሴን አጽናንቼ እኖር ነበር። እውነት ተናገርኩ፣ የሆነው ሆነ እል ነበር። ብዙ ሰውም እንዲህ እያለ አጽናንቶኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉኝም ነበሩ። ልክ ናቸው፤ ጠራ።

እታፈራሁ በሄደች በአምስተኛው ወር ለታናሽ እህቷ ለሰላም ዩኒፎርም ሰፍቼ ሰላ ድንጋይ ሄድኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ነው። የጣርማ በርን ብርድ አልፌ ስደርስ የአበበች ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ደጅ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። ለእርሷም ከእታፈራሁ አልተደወለላትም። ሰላም ልብሱን ስትለካ፣ የልጅቷ ትከሻ የእህቷን ስለሚመስል ዓይኔ እንባ ሞላ። ወሬ ለማስቀየር ብዬ ያቺን የድሮ ቀልዴን አመጣኋት፤ እታፈራሁ ክርስትና ስትነሳ እንዴት ከብዳኝ እንደነበር፣ ነጠላዬን ጨምድዳ እንዴት አልለቅም እንዳለች።

እትዬ ዘነበች እንዝርቷን አቆመች።

"ምን ታድርግ" አለች፤ "አምስት ወሯ ነበር እኮ።"

አልገባኝም። እንድትደግምልኝ ጠየቅኳት። እርሷም ሁላችንም የምናውቀው ነገር አድርጋ ነገረችኝ። እታፈራሁ የተወለደችው ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ነው፤ ነሐሴ አሥራ ስድስት። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ አባቷ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው። ልጄ ከአባቴ ደብር በቀር ሌላ ቦታ ክርስትና አትነሳም ብሎ አስምሎ ነበር የሄደው። የእነ አበበች እናት እዚሁ እናስነሳት ብለው ለመኑ፤ አበበች የባሏን ቃል ፈራች። ቀኑ አለፈ። ከዚያ ነውሩን ፈርታ ሰፈሯ ስትመለስ ኅዳር ወለድኩ አለች፤ ካህኑም ጎረቤቱም የሰማው ይህንኑ ነው። ልጅቷንም ስታሳድግ ኅዳር እያለች አሳደገቻት። "አንቺ ግን ታውቂያለሽ ብዬ ነበር" አለችኝ እትዬ ዘነበች። "ያነሳሻት አንቺ አይደለሽ?"

በቃ፣ ይኸው ነው። ዘግይታ ተነስታ እንደሆነ ይንገሩኝ ብሎ ያ ወጣት ሲለምነኝ፣ እታፈራሁ ሃያ አንድ ከሞላት አንድ ወር አልፏት ነበር። ወረቀቱ ይገባት ነበር። የሥራ ፈቃዱ ይገባት ነበር። መዋሸትም አያስፈልገኝም ነበር። ተወለደች ብዬ የማልኩበት ኅዳር አንድ ደግሞ፣ ቆጥሬ እንዳየሁት፣ ክርስትና መነሳት የነበረባት ቀን ነው። አምስት ወር የሞላትን ልጅ በክንዴ ይዤ፣ ክንዴ እየነገረኝ፣ አበበችም ፊቷን ሸፍና እየነገረችኝ፣ ሃያ አንድ ዓመት ቀልጄበታለሁ። በኋላ ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፤ ሦስቱንም በሰማንያና በአርባ ቀናቸው ታቅፌአቸዋለሁ፤ የቀበርኳቸውን ሁለቱን ጨምሬ። አንዳቸውም ነጠላዬን ጨምድደው አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ሰው አላዩም። አንድ ቀን እንኳን አላስተያየሁትም።

ከሐሰት መሐላ እሸሻለሁ ብዬ የገባሁት ሐሰት መሐላ ውስጥ ነው። በሐሰት የማለ ልጁን ያጣል ሲባል የፈራሁት ለዳዊት ነበር። ዳዊት ደህና ነው፤ ቁመቱ በልጦኛል። ሌላም ልጅ እንዳለችኝ፣ ስለ እርሷም በካህን ፊት ቃል የገባሁ እናት መሆኔን ያን ጠዋት ረስቼ ነበር። አጣኋት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምክር ልሰጣችሁ አቅሙ የለኝም። ለምስክርነት ስትጠሩ ግን የምታውቁትንና ሲነገር የሰማችሁትን ለዩ። አንድ ሰው ተሳስተው ይሆን ብሎ ሲጠይቃችሁ አትቆጡ። እኔ ያን ቀን "አላውቅም" ማለት እችል ነበር፤ አላውቅም ማለት ሐሰትም አይደለም፣ ነውርም አይደለም። አላውቅም ብዬው ቢሆን ኖሮ መዝጋቢው ሰላ ድንጋይ ድረስ ደውሎ ይጠይቅ ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ።

የነገረኝ እትዬ ዘነበችን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ነው። እጇን መጽሐፉ ላይ አስቀምጣ ነሐሴ አሥራ ስድስት አለች፤ ከእርሷ ቀጥሎ እኔ ያልኩት ስህተት እንደነበር ቃሌን ሰጠሁ። መዝጋቢው የማረሚያ ቅጽ አውጥቶ በጥንቃቄ ሞላ፤ እትዬ ዘነበች በጣቷ ፈረመች፤ እኔም ፈረምኩ። ከዚያ ቅጹን ማህደር ውስጥ ሲያስገባ፣ እንዲጸና ባለጉዳይዋ ራሷ ቀርባ መፈረም እንዳለባት ነገረን። ስትመጣ ትፈርማለች አለ። እኛም እሺ ስትመጣ አልነው።

ቀሚሱ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። ሰው ይሸጣል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ የሰው ነው እላለሁ። ወደ ጎረቤላ በወረድኩ ቁጥር ደግሞ ቀበሌው ጎራ እላለሁ፤ መዝጋቢው ሳልጠይቀው ማህደሩን ያወጣልኛል። ከታች "የባለጉዳይዋ ፊርማ" የሚለው መስመር ላይ እስካሁን የተጻፈ ነገር የለም።